ማሽኑ ሲጠፋ ጀልባዋ ምን ትሆናለች?



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ክፍል ጥበትና ስለ ወላጅ ኮሚቴው ድካም እንጽፋለን። እነዚህ ዘንድሮም በሌሎቹ ገጾች አሉ። በዚህ ገጽ ላይ ግን የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ወደ ሙሻ ደሴት ከመውሰዳችን በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ያየነውንና የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደናል። ነገሩ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ በሞገድ ላይ ግራና ቀኝ እንዳትዋዠቅ ስለሚገጠምላት ማረጋጊያ ነው። ስታቢላይዘር ይሉታል፤ ፈረንሳይኛ የለመደው የጅቡቲ ሰው ደግሞ ስታቢሊዛተር።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከተማሪዎቹ ነው። ጅቡቲ ተወልደው ጅቡቲ ያደጉ፣ ባሕሩን ከዳር ቆመው ከማየት በቀር አንድም ቀን ያልተሳፈሩበት ልጆች ብዙ ናቸው። ሙሻ ከከተማዋ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ወላጅ ኮሚቴው አፈላልጎ በኪራይ የሚሰጡ ሁለት የመዝናኛ ጀልባዎች አገኘ። አንደኛዋ ረጅም፣ ነጭ፣ ፎቅ ያላትና ጂሮ የሚባለው ዘመናዊ ማረጋጊያ የተገጠመላት ነበረች። ሁለተኛዋ ዝቅ ያለች፣ ሰፊ፣ ዕድሜዋም ገፋ ያለ ሲሆን ከሆዷ በታች በግራና በቀኝ ሁለት ክንፎች አሏት። የመጀመሪያዋ ኪራይ ከሁለተኛዋ በብዙ ይበልጣል። በስብሰባው ላይ አብዛኛው ወላጅ፣ «ገንዘቡ ይጨመርና ጂሮ ያላት ትሁን፤ እሷ አትገለበጥም» ወደሚለው አዘነበለ።

በዚህ መሐል ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሡ። ወንድማቸው ከዓመታት በፊት ከኦቦክ ወደ የመን ለመሻገር ከተሳፈሩትና ካልተመለሱት አንዱ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚህች ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ጀልባ ስናወራ ዝም ብለን የምናልፈው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ከኦቦክ በላይ ጎዶሪያ አጠገብ፣ በሚያዝያ 2024ም በዚያው ዳርቻ፣ ከአቅም በላይ ሰው የጫኑ ጀልባዎች ተገልብጠው ካለቁት አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። እናትየዋ ይህን ሁሉ አላነሡም። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ይህ ማሽን ቢጠፋስ? ያን ጊዜ ጀልባዋ ምን ትሆናለች?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛም መልሱን ከሚያውቅ ሰው ሳንሰማ የፈቃድ ወረቀት ለማንም እንደማንልክ ለወላጆች ነግረን ስብሰባውን አሳደርነው።

የሚያውቅ ሰው ሩቅ አልነበረም። ሁለት ልጆቹን እኛ ዘንድ የሚያስተምር አባት፣ የመዝናኛ ጀልባዎች በሚቆሙበት ለስካል በሚባለው ወደብ ለብዙ ዓመታት ማረጋጊያ ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሙያውን የጀመረው የሽሚንደፈር ሠራተኛ ከነበሩት አባቱ ሥር ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ እያለ ሲያስረዳ የቴክኒክ መምህራችን እንኳ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። የእናትየዋን ጥያቄ ስንነግረው ትንሽ አሰበና፣ «እናንተ አስተማሪዎች ናችሁ፤ እኔ ልንገራችሁ አልልም። ግን እዚህ ጀልባ የሚገዙ ሰዎች ሁሉ ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ሥራዬ በቀለለ» አለን።

ማብራሪያውን ለተማሪዎቻችን በሚገባ ቋንቋ እንዲህ እናቅርበው። የትምህርት ቤታችንን አውቶቡስ አስቡ። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። አሞርዛተሩ አይሸከምም፤ ሥራው መኪናው ጉድጓድ ከነካ በኋላ እንዳይንጠለጠል እንቅስቃሴውን መግደል ነው። ጀልባም እንዲሁ ናት። ስታዘነብል መልሶ የሚያቆማት የገዛ ራሷ ቅርጽ፣ ስፋትና ክብደቷ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ማረጋጊያው ግን መዋዠቁን የሚቀንስ አሞርዛተር ነው። ተሳፋሪ እንዳያቅለሸልሸው፣ ሻይ እንዳይደፋ፣ ሰው ሳይወድቅ እንዲራመድ ይረዳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ባሕር ላይ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጀልባዋ ውስጥ ወድቆ ነው። ነገር ግን በጭነት ብዛት ወይም ከባድ ነገር ላይ በመከመር አቅሟን ያጣችን ጀልባ ከመገልበጥ የሚያድን ማረጋጊያ የለም።

መካኒኩ ቀጥሎ የነገረን ደግሞ እኛን ይበልጥ አስገረመን። ቀስ ብላ አዘንብላ ቀስ ብላ የምትመለስ ጀልባ ለተሳፋሪ ትመቻለች፤ እንደ እሹሩሩ ናት። ፈጥና የምትመለሰዋ ግን ትንጣለች፣ ታስመልሳለች፣ ትጠላለች። ሆኖም ፈጥኖ የሚመልሳት ጉልበት ያላት እሷ ናት። እየዘገየች የምትመለስ፣ በተለይ ካዘነበለች በኋላ እንደማመንታት የምትል ጀልባ ካያችሁ ወርዳችሁ ሸክሟን ማየት ነው።

ይህ በሰዓት የሚለካ ነገር ስለሆነ ለሳይንስ ክበባችን ተሰጠ። ዘዴው በትንንሽ ጀልባዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ጀልባዋ በጸጥተኛ ውኃ ላይ ገመዷ ላላ ተደርጎ ትቆማለች፤ ማረጋጊያው ይጠፋል፤ ሰዎች አንድ ጎን ላይ እየረገጡ ያወዛውዟትና ይተዋታል። ከአንድ ጎን ተነሥታ፣ ወደ ሌላው ሄዳ፣ እስክትመለስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ዐሥሩ በስንት ሰከንድ እንዳለቀ ይጻፋል። ለቀመር ወዳጆች፣ የአንዱ ዙር ጊዜ በሰከንድ የጀልባዋን ስፋት በሜትር በ0.8 አባዝተን፣ ሜታሴንተር ከፍታ ለሚባለው የመመለስ አቅም መለኪያ ስኩዌር ሩት ስናካፍል ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። ስፋቷ ካልተለወጠ፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥር አቅሟ አነሰ ማለት ነው።

ፎቅ ያላት ጀልባ ባዶዋን ዐሥሩን ዙር በ38 ሰከንድ ጨረሰች። ቀጥሎ ስምንት ሆነን ፎቋ ላይ ወጣን። ከመካከላችን የሒሳብ መምህራችን ነበሩ፤ ክብደታቸው እንዳይጻፍ አስጠንቅቀዋል። ቁጥሩ 43 ሆነ። ስምንት ሰው ብቻ ነው! ሰዓቱን የያዘችው የዚያች እናት ልጅ ነበረች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመችንና፣ «25 ልጅ ፎቅ ላይ ፎቶ ልነሣ ብሎ ቢወጣስ?» አለች። የጀልባዋ ኃላፊ ሳቀ፤ መካኒኩ ግን አልሳቀም። ዝቅተኛዋ ጀልባ ሌላ ቀን ተለክታ 31 ሰከንድ አመጣች። ስምንታችን ስንሳፈርባት አንድ ሰከንድ እንኳ በቅጡ አልጨመረችም፤ የሚወጣበት ፎቅ የላትምና።

እዚህ ላይ ስለ ማረጋጊያ ዓይነቶች ትንሽ እንበል፤ ልጆቹ በጣም የወደዱት እሱን ነው። ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ በ1870ዎቹ ከመርከብ ሆድ በግራና በቀኝ የሚገጠም ረጅም ቀጭን ሳንቃ መዋዠቅን እንደሚቀንስ በባሕር ላይ ሙከራ አሳይቷል። ጀርመናዊው ኦቶ ሽሊክ በ1906 በመርከብ ውስጥ ከባድ መዘውር በማሽከርከር ሞከረው፤ የዛሬው ጂሮ አያት እሱ ነው። የሚንቀሳቀሱትን ክንፎች ደግሞ ጃፓኖች በ1920ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ ላይ ገጥመው ሠርተውባቸዋል።

ጂሮን ለመረዳት እናቶቻችን የሚፈትሉበት እንዝርት ይበቃል። እየሾረ ያለ እንዝርት ገፋ ቢያደርጉት እሺ ብሎ አይወድቅም። የሳይንስ ክበቡ ይህን በቢስክሌት ጎማ አሳይቷል። አንድ ተማሪ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የሚሾር ጎማ ይይዝና ያዘነብለዋል፤ ወንበሩ በራሱ ይዞራል። ለዚህ ሥራ የቢሯችንን ወንበር አበድረናል። ተመልሷል፤ ግን ይንቋቋል። በጀልባው ጂሮ ውስጥ ቮላኖ የመሰለ ከባድ መዘውር በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሾራል። ጀልባዋ ወደ ጎን ስታዘነብል መዘውሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ያ ውዝዋዜ ተመልሶ ጀልባዋን ከመዋዠቋ በተቃራኒ ይገፋታል። ትልቁ ጥቅሙ ጀልባዋ ቆማም ቢሆን መሥራቱ ነው። መልህቅ ጥሎ ዓሣ ለሚያጠምድ፣ ጀልባ ላይ ለሚያድር ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። እንዲህ ላለ ጀልባ የሚሆነው ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ፍጥነቱን እስኪይዝ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጠበቃል።

ክንፍ የሚሠራው በሌላ ጥበብ ነው። ጀልባዋ ስትሄድ ውኃው በክንፉ ላይ ያልፋል፤ የሃይድሮሊክ ክንድ ክንፉን እያዘነበለ ውኃው አንዱን ጎን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች እንዲገፋ ያደርጋል። ጉልበቱ በፍጥነቷ ላይ ያረፈ ነው። ፍጥነቷ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስትቆም እንደዚያች አሮጌ ጀልባ ያለው ክንፍ ምንም አያደርግም። ቆሞም እየተርገበገበ የሚሠራ አዲስ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። መካኒኩ አንድ ሦስተኛ ዓይነትም አሳይቶናል። በግራና በቀኝ ከሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ የሚሰምጥ የብረት ዓሣ የመሰለ ነገር ነው፤ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት። ኮምፒዩተር የለው፣ ዘይት የለው። «ይህንን ማንም በያጅ ይጠግነዋል» አለን። ከአነጋገሩ ልቡ ወደዚያ እንደሚያደላ ገባን። ለእኛም መለዋወጫ በአውሮፕላን ተጭኖ እስኪመጣ ሁለት ወር በሚጠበቅበት አገር፣ ከሁሉ የረቀቀውን ሳይሆን እዚሁ ሊጠገን የሚችለውን መምረጥ ብልኅነት ይመስለናል።

ዝቅተኛዋ ጀልባ ለጥገና ከውኃ በወጣች ቀን 12 ተማሪዎች ይዘን ሄድን። መካኒኩ ክንፉን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ ሲላወስ አየን። ከዘንጉ ሥር ዘይት ጠብ ይል ነበር። የክንፉ ዘንግ የጀልባዋን ሆድ ቀዳዳ አድርጎ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ያን ቀዳዳ የሚዘጋው ፓራዮሊ ሲያረጅ ዘይት ወደ ባሕር ሊወጣ፣ ውኃም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከማጠራቀሚያው የቀዳው ዘይት ወተት መስሎ ነጣ። ይህ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ለባለቤቱ እዚያው ስልክ ደወለና፣ «ይህ ሳይቀየር ልጆች አይሳፈሩባትም» አለው። ሰውየው ተከራክሮ ነበር፤ ወቅቱ እስኪያልፍ ትቆይ ብሎ። በመጨረሻ ግን ተስማማ።

አዲሱ ፓራዮሊ ሲገባ፣ ኩሽኔታው ሲቀየር፣ ፊልትሮውና ዘይቱ ሲለወጥ ሦስት ቀን ፈጀ። ልጆቹ የሠሩት ሥራም አለ፤ በክንፉና በሆዷ ላይ የተጣበቁትን ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ያላቸውን ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ፈቀፈቁ። በሞቀው ባሕራችን እነዚህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይወራሉ፤ ክንፉን አሻካራ አድርገው ጉልበቱን ይሰርቁታል። ቀጥሎ የዚንክ ቁራጮቹ ተቀየሩ። ጨው ውኃ ውስጥ የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ ደካማው ይበላል፤ ስለዚህ ዚንኩ ሆን ተብሎ እንዲበላ ይደረጋል፣ ዘንጉ ይተርፋል። ከተማሪዎቻችን አንዱ አዲሱንም ዚንክ ከሌላው ጋር ቀለም ሊቀባ ብሩሽ ሲያነሣ መካኒኩ እጁን ያዘው። ቀለም የተቀባ ዚንክ አይበላም፤ እሱ ካልተበላ ደግሞ የሚበላው ዘንጉ ነው። የኬሚስትሪ መምህርታችን ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ አስተምረውታል፤ የገባቸው ግን እዚያ ይመስለናል።

የጂሮው ጥገና ለዓይን ያን ያህል አይስብም፤ ግን አንድ ነገር አይረሳንም። ዋናው መዘውር አየሩ በተመጠጠበት ድፍን ቋት ውስጥ ስለሆነ ማንም አይከፍተውም። ከውጭ ያለው ነው የሚጠገነው። የባሕር ውኃ ማጣሪያው ይታጠባል፣ የማቀዝቀዣው ፓምፕና ዚንክ ይታያል፣ ቡሎኖቹ በልክ ይጠበቃሉ። የጅቡቲ ባሕር በበጋ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ በእንዲህ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዝ ማሽን ማጣሪያው ትንሽ ከቆሸሸ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ከልኬቱ ቀን በፊት መጥተን ልናየው ስንጠይቅ ኃላፊው ጂሮውን አጥፍቶ አሳየን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰን ጆሯችንን ብናስጠጋ አሁንም ይሾራል። አየር ስለሌለ የሚያስቆመው ነገር ጥቂት ነው። መካኒኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እጁን ወደዚያ እንደማይሰድ ለልጆቹ አጥብቆ ነገራቸው።

የቀረው መምረጥ ነበር። የወላጅ ኮሚቴው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ተወያየ። የሚመቸው ጂሮ ያላት ጀልባ መሆኗን የካደ የለም። ነገር ግን ጂሮ ዋጋውን የሚያወጣው መልህቅ ጥሎ ለሚውል ነው፤ እኛ ግን እንደደረስን ወርደን ቀኑን የምንውለው አሸዋው ላይ ነው። ጀልባዋ ላይ የምንሆነው እየሄደች ሳለ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክንፍ ይሠራል። ማሽኑ ሁሉ ቢጠፋ ደግሞ ፈጥና የምትመለሰው ዝቅተኛዋ ናት። አንዳንድ አባቶች ልጆቻችን ሊያስመልሳቸው ነው ብለው አጉረመረሙ። ልክ ነበሩ።

ጉዞው የሆነው በጥር ነው፤ ሙቀቱ በሚበርድበት። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሣ በማለዳ ወጣን። ከተፈቀደላት ቁጥር አሳንሰን 22 ተማሪዎችና አምስት አዋቂዎች ተሳፈርን፤ ሁሉም ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሷል። እናትየዋ ወረቀቱን የፈረሙት ከሥሩ በእጃቸው አንድ ቃል ጽፈው ነው፤ «ማሽኑ ጠፍቶ ከተሞከረ በኋላ»። አብረውንም መጡ። ከወደቡ እንደወጣን ካፒቴኑ በቃሉ መሠረት ክንፎቹን መሐል አድርጎ ቆለፋቸው። ጀልባዋ ለጥቂት ደቂቃ በራሷ ቀረች። ናጠችን። የሒሳብ መምህራችን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሦስት ልጆች ወደ ባልዲው ሮጡ። እናትየዋ ግን ባቡር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብለው የጀልባዋን ጠርዝ ያዩ ነበር፤ ስትወርድ፣ ስትመለስ፣ ስትወርድ፣ ስትመለስ። ከልጃቸው ጋር በከንፈር ይቆጥሩ ነበር። ከዚያ ለካፒቴኑ፣ «በቃ፣ አብራው ልጄ፤ ልጆቹ ታመሙ» አሉት። ክንፎቹ ሥራ ሲጀምሩ ልዩነቱን ለማወቅ ሰዓት አላስፈለገም።

ደሴቷ ስትቀርብ ክንፎቹ እንደገና ተቆለፉ፤ ዙሪያዋ ኮራል ስለሆነ ከሆድ ወጥቶ የቆመ ነገር ቶሎ ይጋጫል። ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድም ክንፍ መሐል ላይ መቆለፍ አለበት። በትንሿ ጀልባ አምስት አምስት እየሆንን ወደ አሸዋው ተሻገርን። እናትየዋ ከባሕሩ ዳር ራቅ ብለው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ውኃ ውስጥ አልገቡም፣ እኛም ግቡ አላልናቸውም። ምሳ ላይ ከቤት ያመጡትን ዳቦ ለሁሉም ቆረሱ። ከሰዓት ነፋሱ ሳይበረታ ተመለስን፤ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ልጅ በወላጁ እጅ ነበር።

መካኒኩ ያረጀውን ፓራዮሊና ግማሹ የተበላውን ዚንክ ለትምህርት ቤቱ ሰጥቷል። ሁለቱም ከልጆቹ የልኬት ደብተር ጋር በላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ላብራቶሪው ከእሑድ እስከ ሐሙስ እስከ 9 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ወላጆች መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የ7ኛ ክፍል ወላጆች ደግሞ የመጪውን ዓመት ጉዞ የፈቃድ ቅጽ ከመስከረም በኋላ ከቢሮ ትወስዳላችሁ። እናትየዋ በእጃቸው የጻፉት ቃል አሁን በቅጹ ላይ ታትሟል።